ጾም የምታስገድፍ ጠብታ

ሐረገ ወይን የባሏን ራስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትላጫለች። ባሏ ቄስ ቀለመወርቅ ናቸው፤ ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለች የሚካኤል ደብር ሠላሳ ዓመት ቀድሰዋል። ምላጭ ለሌላ ሰው አያምኑም። ለእሷም ቢሆን አምነው የሰጧት ራሳቸውን ብቻ ነው፤ ምላሷን በጋብቻቸው የመጀመሪያ ዓመታት ሊገሩት ሞክረው፣ በሬ ከመግራት የከበደ ሥራ ሆኖባቸው ትተውታል።

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ረፋዱ ላይ ቄሱ ግቢው ውስጥ ጉቶ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ ከኋላቸው ቆማ ትላጫለች። ፀሐዩ ድንጋይ ያግላል። ከግንባራቸው በላይ ያለውን ለማዳረስ ክንዷን በፊታቸው ስታሻግር ቀኝ ዓይናቸውን ጋረደችባቸው።

«ደመና መጣ እንዴ?» አሉ ቄሱ። «ገብሱ እኮ አውድማ ላይ ነው።»

ሐረገ ወይን ቀና ብላ ሰማዩን አየች። የጥጥ ፍንጣቂ የምታህል ደመና እንኳ አልነበረችበትም። ክንዷን አነሣች።

«አለፈ» አሉ።

መልሳ ጋረደቻቸው። «ተመለሰ» አሉ። ከዚያ ግራ ዓይናቸውን ጋረደችው። አሁን ምንም አላሉም፤ ገብሱን ማን ማን መጥቶ እንደሚወቃ ማውራታቸውን ቀጠሉ። ሐረገ ወይን ምላጩን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ዞራ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«አንቱ» አለች፣ «ሰማይዎ የሚውለው ከእኔ ብብት ሥር ነው። ግራ ዓይንዎ አያይም።»

ቄሱ ተቆጡ። ዳዊት እንደሚደግሙ፣ ትናንትና እንኳ ከአጥሩ ማዶ የቆመን ሰው በስሙ እንደጠሩ ነገሯት። ዳዊቱንስ መጽሐፉ ቢጠፋም እንደሚደግሙት፣ ጎረቤታቸውንም በሳሉ እንደሚለዩት መለሰችላቸው። በመጨረሻ ግማሽ የተላጨ ራሳቸውን ይዘው ተነሡ፤ ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ባዶ እንስራ ረግጠው ቆሙ። እንስራው ተሰበረ። ቄሱም ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

ነገሩ ለካ ያን ቀን የጀመረ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በኅዳር ሚካኤል፣ በዝማሜው መካከል መቋሚያቸውን ወደ ግራ ሲያወዛውዙ የደብሩን አለቃ፣ አለቃ መልካሙን፣ ጆሮ ግንዳቸው ላይ አሳርፈውባቸዋል። ሕዝቡ የማኅሌቱ ሙቀት ነው አለ። አለቃ መልካሙ ግን ቅናት ነው አሉ፤ እሳቸው በጋይንቷ የድጓ ትምህርት ቤት፣ በቤተ ልሔም፣ አሥራ ሁለት ዓመት የተማሩ ሰው ናቸውና፣ በዚህ ምድር ላይ የሚደርስባቸው ክፉ ነገር ሁሉ በዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቅናት የመጣ ይመስላቸዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ በመስከረም፣ አርብ ገበያ ላይ ቄሱ በግራቸው ከቆመች የተጫነች አህያ ጋር ተጋጭተው፣ «ይቅር በይኝ እናቴ፣ አላየሁሽም» ብለዋታል። ሐረገ ወይን ይህን ለሰፈሩ ሴቶች እያወራች አንድ ሳምንት ሙሉ ስቃበት ነበር። አሁን ያ ሳቅ አሳፈራት።

ቄሱ አስቀድሞ ጠበል አሉ። እሷም አልከለከለች፤ ሰባቱን ቀን ተጠመቁ፣ በስምንተኛው ደብረ ታቦር እንሄዳለን ብላ ተስማማች። በስምንተኛው ቀን አውቶቡስ ላይ ነበሩ።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል የመረመረቻቸው መሣሪያ ዓይን ላይ ተጠግታ የምታበራ ነበረች፤ መሣሪያዋን የያዘው ደግሞ ቻላቸው የሚባል ወጣት የስማዳ ሰው፣ የዓይን ነርስ ነው። ቄሱን አፍንጫውን ብቻ እንዲያዩ አዘዛቸውና ጣቶቹን ከጎን ከጎን እያንቀሳቀሰ መታየት አለመታየታቸውን ጠየቃቸው። ቄሱ አፍንጫውን አጥርተው አዩት፤ ጣቶቹን ግን አላዩም። ቻላቸው በሽታው ግላኮማ እንደሚባል አስረዳቸው። ዓይን ውስጥ ውኃ አለ፤ በአንድ በኩል እየመነጨ በአንድ በኩል ይወጣል። መውጫው ሲጠብ ውኃው ይጠራቀምና ግፊቱ ከኋላ ያለውን ነርቭ ይጨቁናል። አያምም፣ አያሳክክም፣ ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል ይመጣል። ግራው አልቋል፤ ቀኙ ዳር ዳሩ ተበልቷል። መድኃኒቱ ጠብታ ነው፤ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፣ እስከ ዕድሜ ልክ።

«ግራው መቼ ይመለሳል?» አሉ ቄሱ።

«አይመለስም አባ። ጠብታው ቀኙን ለማቆየት ነው።»

ሲመለሱ ቄሱ መንገዱን ሙሉ አጉረመረሙ። የማያድን መድኃኒት፣ ያውም እስከ ሞት ድረስ የሚወሰድ፣ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው እያሉ። ሐረገ ወይን ንስሐም እንደዚያው እንደሆነ፣ እሳቸውም ለሰው ሲያዙት ኖረው ማንም ድኖ ሲያቆም እንዳላየች ነገረቻቸው። ፊት ወንበር የተቀመጠው ገበሬ ሳቁን ለማፈን ማሳል ጀመረ።

የመጀመሪያዋን ጠብታ እሷ ጣለችላቸው። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩና ፊታቸው ተኮማተረ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ውኃ ጠጡ። በማግስቱ ጽዋ የሚያነሣ እጅ ብልቃጥ አያቅተውም ብለው ጠብታዋን ወሰዱና ከመስኮቱ ሥር ካለችው ሣጥን አኖሯት። ከዚያ ወዲህ ራሳቸው ይጥላሉ፤ እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ወይም ከብት ስታሰማራ። እሷም እሰየው አለች፤ ሥራዋ በዝቷል።

ነርሱ ብልቃጧ በወር ታልቃለች ብሎ ነበር። ወር አለፈ፣ አላለቀችም። ሁለተኛው ወር አለፈ፣ አላለቀችም። ሐረገ ወይን ብልቃጧን ወደ ብርሃን ይዛ አየቻት፤ ከግማሽ በላይ ናት። ተአምር ከሆነ በዘይቱም ማሰሮ ላይ ቢደገም ምን ነበረበት ብላ አሰበችና መልሳ አስቀመጠቻት። የካቲት መጀመሪያ ላይ የቀጠሮው ቀን ደረሰ።

ቻላቸው ለካ። ደግሞ ለካ። ግፊቱ መጀመሪያ ከመጡበት ቀን አልቀነሰም፤ የቀኝ ዓይናቸው ዳርቻ ደግሞ ጠብቧል። ጠብታውን ያደርጉታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ቄሱ እናደርጋለን አሉ። ሐረገ ወይን ሰው ፊት ባሏን አላዋረደችም። ውጭ በሆስፒታሉ ግቢ ካለው ጥድ ሥር እስኪደርሱ ጠበቀችና ብልቃጧን ከመቀነቷ አውጥታ አፍንጫቸው ሥር ያዘቻት።

ያን ጊዜ ተናገሩ። ጠብታዋ ዓይናቸው ውስጥ በገባች በጥቂት ጊዜ ጉሮሯቸው ላይ ትመራቸዋለች። በዓይን ይግባ በአፍ፣ ጉሮሮ ከቀመሰው የወረደው ወርዷል፤ ጾም ይገድፋል። ሊቀድስ የሚገባ ቄስ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ አፉ ከምንም ነገር ንጹሕ መሆን አለበት። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ጧት አያደርጉም። ቅዳሜ ማታና እሑድ ጧት አያደርጉም። በሚካኤሉ፣ በማርያሙ፣ በሥላሴው፣ ተረኛ በሆኑበት ሳምንትም አያደርጉም። ሰኞና ሐሙስን በስእለት ይጾማሉ፤ ከገና በፊት ደግሞ የነቢያት ጾም ነበር። ሐረገ ወይን በጣቷ እያጠፈች አዳመጠችና፣ ከሳምንቱ ለዓይናቸው ሙሉውን የተረፈው ማክሰኞ ብቻ መሆኑን አወቀች።

«ማክሰኞስ ምን አጠፋ?» አለች።

ዐቢይ ጾም ደግሞ ከፊታቸው ነበረ፤ ኃምሳ አምስት ቀን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን አለቃ መልካሙ ዘንድ ይዛ ሄደች፤ ቄሱም አብረዋት ሄዱ። አለቃ ሁለቱንም አስቀምጠው አዳመጡ። መጻሕፍት አላገላበጡም፤ የተማሩት ሁሉ ከግንባራቸው ጀርባ ነውና ዓይናቸውን ጨፍነው እዚያ ፈለጉ። ሐረገ ወይን በልቧ የጆሮ ግንዳቸው ቂም ፍርዱን እንዳያጣምመው ፈራች። አለቃ ግን ቂመኛ ቢሆኑም ዋሾ አልነበሩም።

«ቀምሰሃል?» አሉ ቄሱን።

«ቀምሻለሁ።»

«እንግዲያ ተቀምሷል። መንገዱ አይጠየቅም። ሕመምተኛ ነህና ጾሙን ልፈታህ እችላለሁ፤ መድኃኒትህን ውሰድ። መቅደስ ግን አትገባም። ከውጭ ቆመህ አገልግል።»

ፍርዱ ትክክል ነው ብለው ቄሱ ጉልበት ስመው ወጡ። ለአንድ ሳምንት ግን እህል በአግባቡ አልበሉም። ጠብታዋንም አልነኳትም። ሐረገ ወይን ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ቀን ታፌዝበት ነበር፤ በዚህ ግን አላፌዘችም። ከወለዷቸው አራት ልጆች ሦስቱን ቀብረዋል። ሦስቱም ጊዜ፣ ከቀብሩ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ቄሱ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ሄደው ቀድሰዋል። እሷ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዛ ስትቀር እሳቸው መጋረጃው ኋላ ገብተው፣ ሲወጡ መራመድ የሚችል ሰው ሆነው ይወጣሉ። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሉ ነግረዋት አያውቁም፤ ጠይቃቸውም አታውቅም። ዓይናቸውን ወይም መቅደሱን ምረጡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከአለቃ ይልቅ የገባት እሷ ነበረች።

በዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት የተረፈችላቸው ልጅ ልዕልት ከጎንደር መጣች። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው፤ የምታጠናውም በግላኮማ የተጎዳ ዓይን ውስጥ ያሉ የነርቭ ሴሎች ሲጨነቁ የሚያደርጉትን ነገር ነው። ርዕሱን የመረጠችው አባቷ መታመማቸው ሳይታወቅ ነበር። ቄሱ ይህን ሲሰሙ፣ ይህችን ልጅ ሟርት ማን አስተማራት አሉ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሽሮው ቀርቦ ሦስቱም ሲበሉ፣ ልዕልት ማስረዳት ጀመረች። ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚያርፍበት ስስ ሽፋን አለ። እዚያ ሽፋን ላይ ሚሊዮን የሚጠጉ ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዷ ሴል እስከ አንጎል የሚደርስ ረጅም ክር አላት። ክሮቹ እንደ ገመድ ተገምደው ከዓይን ይወጣሉ፤ ግፊቱ የሚያንቃቸው እዚያ መውጫቸው ላይ ነው። በክሩ የሚመላለሰው ስንቅ ሲታገድ ሴሏ ትጨነቃለች።

«ሴሏ ውስጥ ፋብሪካ አለ በሉት» አለች። «ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲን ደግሞ ተሠርቶ ብቻ አይበቃም፣ በወጉ መታጠፍ አለበት። አባባ፣ እንደ እርስዎ ጥምጥም ነው። በወጉ ካልተጠመጠመ ጥምጥም አይደለም፣ ጨርቅ ነው።»

«አለቃ መልካሙ ያየውን ጨርቅ ሁሉ ጥምጥም ይላል» አሉ ቄሱ።

ሴሏ ስትጨነቅ እጥፋቱ እየተበላሸባት ጨርቁ ይከመርባታል አለች ልዕልት። ያኔ ዝም ብላ አትቀመጥም። የተበላሸውን የሚያቃኑ ረዳቶች ታበዛለች። ሊቃና የማይችለውን ቆራርጣ ታስወግዳለች። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አዲስ መሥራት ታቆማለች፤ የተከመረው እስኪቃለል።

ቄሱ የያዙትን ጉርሻ አቆሙ። «ትጾማለቻ» አሉ።

ልዕልት ትንሽ አሰበችና፣ አዎ፣ ትጾማለች ማለት ይቻላል አለች። ቄሱ ወደ ሚስታቸው ዞረው ሰማሽ በሚል ዓይን አዩአት፤ የገዛ ዓይናቸው ሴሎች ጾመኛ በመሆናቸው ፊታቸው ፈካ።

«ግን ጾሙ ፋሲካ አለው አባባ» አለች ልጅቱ። «ግፊቱ ከቀነሰ ትፈስክና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ካልቀነሰ ግን ያው ጹሚ ብሎ ያዘዛት ደወል ሙቺ ይላታል። ራሷን በራሷ ትገድላለች። አንዴ ከሞተች ደግሞ በእሷ ቦታ ሌላ አትበቅልም።»

ይህን በዓይንሽ አይተሻል ወይ ብለው ጠየቋት። ልዕልት አብዛኛውን ያዩት በአይጥ ዓይን መሆኑን፣ በሰው ላይ ገና ያልታወቀ ብዙ ነገር እንዳለ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«አይጧስ ትቀድሳለች?» አለች ሐረገ ወይን።

ልዕልት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ቄሱም ሳቁ። ሐረገ ወይን ግን ለቀልድ አልነበረም የተናገረችው። እጇን ታጠበችና፣ «እንግዲያ ጠብታዋ ፋሲካ ናት» አለች። «ሚሊዮን ጾመኛ ዓይንዎ ውስጥ አስቀምጠው ከማክሰኞ በቀር እንዳይፈስኩ የከለከሏቸው እርስዎ ነዎት። ጌታ እንኳ አርባ ቀን ጾሞ ተራበ።»

ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እነሱ እንዲኖሩ እኔ ከመቅደስ ልውጣ?» አሉ። ሐረገ ወይን ገበታውን አነሣች።

ሰኞ ዕለት ሐረገ ወይን ለማንም ሳትናገር አውቶቡስ ተሳፍራ ብቻዋን ደብረ ታቦር ሄደች። ቻላቸውን ከበሽተኛ መሐል ጠርታ አወጣችውና፣ ጠብታዋ ዓይን ውስጥ ቀርታ ወደ ጉሮሮ የማትወርድበት መንገድ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ምክንያቱንም አንድ በአንድ ነገረችው። ቻላቸው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። የአፍንጫዋን ሥር፣ የዓይኗን ጥግ በጣቱ አሳያት። እዚህ ጋ ትንሽ ቦይ አለች፤ እንባ በእሷ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፣ ሰው ሲያለቅስ ንፍጡ የሚመጣው ለዚያ ነው። ጠብታውን ጥለው ዓይናቸውን ይጨፍኑ፤ ይህችን ጥግ በጣታቸው ተጭነው አምስት ደቂቃ ይቆዩ። ቦይዋ ትዘጋለች፣ ምንም ያህል ወደ ታች አይወርድም። እንዲያውም መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ስለሚቆይ የተሻለ ይሠራል።

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርከንም?» አለች።

«ጉሮሮ ላይ ይመራል አላላችሁኝማ እማማ።»

«አንተስ ይቀድሳሉ ወይ ብለህ መቼ ጠየቅኸን? ጥምጥሙን አላየኸውም? ዓይን ነው የምታክመው።»

ቻላቸው ልክ ነዎት ብሎ አንገቱን ደፋ። ስትሄድ ተከትሏት ወጣና፣ ጠብታው የታዘዘለት ሰው ብቻ እንዲያደርገው፣ ለጤነኛ ሰው እንዳይሰጥ አሳሰባት። እሺ አለች።

እሺታዋ የቆየው እስከ አለቃ መልካሙ ቤት ብቻ ነው። በማግስቱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ አለቃ ጾማቸውን ፈተው በደጃቸው ሲያርፉ፣ ባሏንና ብልቃጧን ይዛ ቀረበች። ነገሩን አስረዳች። አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሴት ወሬና በስማዳ ነርስ ቃል ሥርዓት እንደማይሻር ነገሯት። ራሳቸው ያልቀመሱትንም አይፈርዱም። ስለዚህ ጣይብኝ አሉ። ሐረገ ወይን የነርሱን ማስጠንቀቂያ ነገረቻቸው። አለቃ ቤተ ልሔም ሲማሩ በቁራሽና በቆሎ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ ሰውነት በአንዲት ጠብታ እንደማይፈርስ መለሱ።

መጀመሪያ በቀኝ ዓይናቸው ጣለችባቸው፤ ሳይጫኑ። አለቃ ጠበቁ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተጨማደደ፤ ምላሳቸውን አወጡ።

«ኮሶ ነው» አሉ። ቄስ ቀለመወርቅ አልዋሸሁም የሚል ፊት አሳዩ።

ውኃ ተጉመጥምጠው ሲያበቁ በግራው ጣለችና የዓይናቸውን ጥግ በጣታቸው አስያዘቻቸው። አለቃ አንድ መዝሙር ከዳዊት ቀስ ብለው በልባቸው ደገሙ፤ ሌላም ጨመሩ። ጣታቸውን አነሡ። ምላሳቸውን በከንፈራቸው ላይ አዟዟሩ፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ ደግመው ዋጡ። ቄሱ መቋሚያቸውን ጨብጠው ያዩአቸዋል። ሐረገ ወይን ሦስት ጊዜ ሬሳ የወጣበትን የገዛ በሯን ታስብ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም።

«የለም» አሉ አለቃ በመጨረሻ። «አልመጣም።»

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ጨመሩ፣ «ያልተቀመሰ አልተቀመሰም። አድርግና ግባ። ነገር ግን በደንብ ተጫነው፤ ጣትህ ላላ ብሎ ቢወርድስ ምስክሩ ማን ነው?»

«እኔ በጣቴ እይዝላቸዋለሁ» አለች ሐረገ ወይን።

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በቅዳሴ ዋዜማና ጧት ካህን ከሚስቱ እንደሚርቅ ማሳሰብ ጀመሩ።

«አለቃ፣ ጣት ነው ያልሁት» አለች።

ቄስ ቀለመወርቅ ራሳቸው በራሳቸው ጣት እንዲይዙ ተወሰነ። እሷ ከሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ ትመሰክራለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠብታዋ ሳምንቱን ሙሉ ዋለች፤ ብልቃጧም እንደ ሌላው ብልቃጥ በወሯ አለቀች። እሑድ ንጋት ላይ ቄሱ ጣታቸውን ከዓይናቸው ጥግ ሳያነሡ ወደ ደብሩ ሲወጡ ያየ ሰው ሁሉ ያለቅሳሉ አለ። ወሬው ተዛመተ። ስለ ዓለም ኃጢአት እንባ እያነቡ የሚቀድሱ ቄስ ናቸው ተብሎ ከእስቴ ድረስ ነፍስ አባት ሊያደርጓቸው የመጡ ሴቶች ነበሩ። ሐረገ ወይን እውነቱን ነገረቻቸው፤ አላመኗትም። አንዷ እንዲያውም የቅዱስ ሰው ሚስት ሁልጊዜ እንዲህ ናት ብላ ከንፈር መጠጠችባት።

በሰኔ ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። ግፊቱ ወርዷል። ቻላቸው ደስ ብሎት ነገራቸው፤ ቀጥሎ የዳር ዳሩን እይታ ሲለካ ግን ደስታው ቀዘቀዘ። ከየካቲቱ ትንሽ ጠብቧል። ቄሱ አሁንማ አንድ ቀን እንኳ አላጓደልኩም አሉ። ሐረገ ወይን ስልክ ደውላ ከልዕልት ጋር አገናኘቻቸው። ልጅቱ ነገሩን አላለባበሰችም። ከየካቲት በፊት በነበሩት ወራት እስከ መጨረሻው ተጨንቀው፣ ሞታቸውን ወስነው የነበሩ ሴሎች ይኖራሉ፤ ግፊቱ ቢወርድም እነዚያ ከውሳኔያቸው አልተመለሱ ይሆናል። የቀሩት ግን አሁን ይቆያሉ ብላ ታስባለች።

ቄሱ ስልኩን መለሱላት። ከጥዱ ሥር ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኋቸው» አሉ።

ሐረገ ወይን አይደለም አላለቻቸውም። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንዱ ሌላውን በውሸት አጽናንቶ አያውቅም። አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «ፍትሐት ያድርጉላቸው» አለች።

ቄሱ ቀና ብለው አዩአት፣ የምትቀልድ መሆኗን ለማወቅ። ለማወቅ አልቻሉም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ ስለ ማን እንደሚጸልዩ አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲህ የጠፋ የለም። አራት ዓመት አለፈ፤ ቻላቸው በየስድስት ወሩ ይለካል፣ ልኩ ያው ነው። ቄስ ቀለመወርቅ አሁን የሚያዩት በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ጥርት ይላል፣ ዳርና ዳሩ የለም። ጻሕሉንና ጽዋውን ያያሉ። መጽሐፉን ያያሉ። ዲያቆኑ አጠገባቸው ከቆመ ግን እጁን ካልዘረጋ በቀር መኖሩን አያውቁም፤ አለቃ መልካሙም በማኅሌት በግራቸው መቆም ትተዋል።

ጋይንት ውስጥ የቄስ ሚስት መንገድ ላይ ከባሏ ኋላ ትሄዳለች። ሐረገ ወይን ሠላሳ ዓመት ኋላ ሄዳለች፤ የቄሱን ተረከዝ ከራሷ ተረከዝ የበለጠ ታውቀዋለች። አሁን ግን ኋላ ከሆነች አያዩአትም፤ ጎን ከሆነች አያዩአትም፤ ድንጋይና ጉድጓድም አያዩም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ወደ ገበያ ሲወርዱ እሷ ፊት ትሄዳለች፣ ሦስት እርምጃ ቀድማ፣ ነጭ ነጠላዋን በጀርባዋ ዘርግታ፤ እሳቸው ነጩን እያዩ ይከተላሉ። መንገደኛው ይጠቃቀሳል። ሴትዮዋ ሰለጠነች ይላሉ፤ ክፉዎቹም ሱሪውን ታጠቀች ይላሉ።

ባለፈው ዓርብ ገና ከገበያ ወጥተው ወደ ቤት ሲነሡ ቢሻው የሚባል ባቄላ ጫኝ መንገድ ላይ አገኛቸውና አላስቻለውም። መስቀል ተሳልሞ ሲያበቃ፣ «አባ፣ ምነው ዛሬ ሴት ቀደመችዎት?» አለ።

«ኋላ ኋላዬ ስትሄድ ሠላሳ ዓመት አላየኋትም» አሉ ቄሱ። «አሁን ልያት ብዬ ነው።»

ሐረገ ወይን ሳትዞር፣ ቀድመው ቢያዩኝ ኖሮ ይህን ያህል ዘመን አብረውኝ ባልቆዩ አለችና እርምጃዋን አፈጠነች። ወደ ቤት የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀራቸዋል፤ የማታዋ ጠብታ ሰዓቷ ደርሷል።